ከሪአክት በፊት ጃቫስክሪፕት



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። ለኢፍጣር ምግብ የሚያመጡ ቤተሰቦች የሚመዘገቡበትን ገጽ በሪአክት እየሠራ ነበር። ስም ጽፎ ቁልፉን ሲጫን ስክሪኑ ላይ ምንም አይጨመርም። ስህተት አለ የሚል ጽሑፍም አይወጣም። ሦስት ሌሊት ታግሎበት «እኔ ለዚህ ሙያ አልሆንም መሰለኝ» አለኝ። እሱ ግን ችግር አልነበረበትም፤ ሪአክትም አልተበላሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃቫስክሪፕት የስሞች ዝርዝር ስንፈጥር ቫሪያብሉ የሚይዘው ስሞቹን ሳይሆን ዝርዝሩ ያለበትን አድራሻ ነው። በዚያው ዝርዝር ላይ በ«ፑሽ» አዲስ ስም ብትጨምሩ አድራሻው አይለወጥም። ሪአክት ደግሞ ገጹን ያድስ እንደሆነ ሲወስን ስሞቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ የተሰጠው ያው የቀድሞው ዝርዝር መሆን አለመሆኑን ብቻ ያያል። ያው ከሆነ ዝም ይላል። መፍትሔው የድሮዎቹን ስሞች ገልብጦ አዲሱን የጨመረ ሌላ ዝርዝር መስጠት ነው። አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። መስመሩን ብቻ ነግሬው ብሄድ ግን ነገ ሌላ ገጽ ላይ ያው ዝምታ ይጠብቀው ነበር።

ከእናንተ ማንም ቁርኣንን ከሱረቱል በቀራ አልጀመረም። መጀመሪያ ቃዒዳ ነበር። ብዙዎቹ ወላጆቻችሁ አገር ቤት አሊፍ ባ ታን በሉህ ላይ ነው የተማሩት፤ ኡስታዙም ሳይሰማቸው ወደሚቀጥለው አያሳልፋቸውም ነበር። ኮድ ስትማሩ የሚያስቆማችሁ ኡስታዝ የለም። ገባችሁም አልገባችሁም ቪዲዮው ያልፋል።

የሥራ ማስታወቂያው ሪአክት ነው የሚለው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ተማሩት። ግን ይህን አስቡ፦ ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትን የጻፈው በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ፣ እዚሁ ከካምቤል ብዙም በማይርቀው ማውንቴን ቪው ነው፤ እስከ ዛሬ በየብራውዘሩ ይሠራል። የጉግሉ አንጉላር ጄኤስ በ2010 ወጥቶ በ2021 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ። ፌስቡክ በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ራሱ በ2019 «ሁክስ» ሲመጣ የአጻጻፍ ልማዱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ተሻገረ፤ ሪአክትን ብቻ የሸመደደው እንደ አዲስ ጀመረ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ገጻችሁን በኤችቲኤምኤል፣ በሲኤስኤስና በጃቫስክሪፕት ብቻ ሥሩ። ፈንክሽን፣ አሬይ፣ ኦብጀክት፣ ቁልፍ ሲጫን የሚሆነው ነገር፣ ከሰርቨር መረጃ መጥቶ እስኪደርስ መጠበቅ፤ እነዚህን ሳታዩ መጻፍ እስክትችሉ አትቸኩሉ። በቀን አንድ ሰዓት ለምታገኙ ተማሪዎች የጥቂት ወራት ሥራ ነው።

ያ ወጣት ከዒድ በኋላ ገጹን ያለ ሪአክት እንደገና ጻፈው። ስም ይጨምራል፣ አልሐምዱሊላህ። የመሰረዣው ቁልፍ ግን ለጊዜው የሚያጠፋው የተሳሳተ ሰው ነው። ቅዳሜ አብረን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።