እንጀራው የጾምም የፍስክም ነው

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጅቡቲ ከተማ ነው። በተክሊል ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ስለተቀጠረ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከመጣን አራተኛ ዓመታችን ነው። አገር ቤት ሳለን እንደ እኔው ይጾም ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን፣ ቀጥሎ ፍልሰታን፣ በመጨረሻም ዐቢይ ጾምን ተወ። «በዚህ ሙቀት ከኮንቴይነር ኮንቴይነር ስዞር ውዬ ሽሮ አይበቃኝም» ይላል። ይባስ ብሎ በጾም ቀን ሥጋ እንድሠራለት ይጠይቀኛል። እኔም «በጾም ሥጋ በእጄ አልነካም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱ ከውጭ እየገዛ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ብቻውን ይበላል፤ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እቀማምሳለሁ። ልጄ «አባዬ ለምን ከእኛ ጋር አይበላም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እናቴ በስልክ «ባል የሚያዘው በሆዱ ነው፤ የጠየቀሽን ሥሪለት» ትለኛለች። የማኅበር እህቶቼ ደግሞ «ከሠራሽለት የኃጢአቱ ተካፋይ ነሽ» ይሉኛል። ለባሌ ልታዘዝ ወይስ ለእምነቴ? — ግራ የገባኝ፣ ከጅቡቲ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያሳረግሽው ባልሽንና እምነትሽን በሚዛን ሁለት ወገን አስቀምጠሽ ነው። እኔን ከሥጋው ይልቅ የከበደኝ ግን ሌላው ነው፤ አንቺ ወጥ ቤት ቆመሽ፣ እሱ ሳሎን ብቻውን፣ ልጅሽ በሁለቱ ክፍሎች መካከል። ጾም የሚለየው ወጥን ነው። ሥጋውን ከሽሮ፣ ቅቤውን ከዘይት ይለያል። እንጀራውን ግን አይነካውም፤ በፋሲካ ዶሮ የሚወጣበት እንጀራ በስቅለት ሳምንት ሽሮ የሚወጣበት ያው እንጀራ ነው። እናንተ ቤት ግን ከወጡ አልፎ ገበታው ራሱ ተለያይቷል፤ ይህን ደግሞ ጾም አላዘዘም። ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ጾምሽን አንዲት ቀን ሳትቀንሺ ጹሚ፣ ገበታችሁ ግን ለሁለት አይከፈል። ሁለቱ የማይጋጩበትን ምክንያት ደግሞ እስከ ቤትሽ ጓዳ ድረስ ወርደን እንየው።

መጀመሪያ ባለቤትሽ ጾሙን ለምን እንደተወ በትዕግሥት እንመርምር። አዲስ አበባ ላይ ጾም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚወድቅ ነገር አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱ ያቀርባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የሥራ ባልደረባውም ጎረቤቱም ይጾማል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ከተማው ራሱ ጾመኛውን ደግፎ ያሻግረዋል። ጅቡቲ ላይ ይህ ድጋፍ የለም። ጭራሽ ቀኖቹ ተገለባብጠዋል፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው፣ የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ነው። የእኛ የጾም ቀን እዚህ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ምሳ የሚቀመጥበት፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰው የየመን ዓሣ ከሰፊው ቂጣ ጋር የሚቀርብበት ቀን ነው። ባለቤትሽ በየሳምንቱ ዓርብ ሊጾም ቢል የዕረፍት ቀኑን ከወዳጆቹ ተለይቶ ማሳለፍ ሊኖርበት ነው። ይህን ስልሽ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ጾሙን መተዉ ግን አንቺንም እግዚአብሔርንም ከመናቅ የመጣ ነው ብለሽ ከደመደምሽ ሕመሙን ሳታውቂ መድኃኒት ልትሰጪ ነው። እሱ የለመደው ጾም ምሰሶው ብዙ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ምሰሶዎቹ ወደቁ፣ ብቻውን መቆም አቃተው።

ይህንኑ ነገር ሊጥሽ በየሳምንቱ ያሳይሻል። ጤፉም በርበሬውም ከደጋ ይመጣል፤ የደጋው አየር ግን አብሮ አይመጣም። ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ሊጥ አቡክታ ሁለት ሦስት ቀን የምታቆይ ሴት፣ በባሕሩ ጠርዝ፣ በበጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ሙቀት፣ በዚያው የቀን ቁጥር ልጠብቅ ብትል እንጀራዋ ኮምጥጦ አይበላም። ታዲያ ምን ታደርጋለች? እርሾውን አትደፋም። ከዚያው ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጠቀማለች፤ ሰዓቱን ግን ታሳጥራለች፣ ቀን መቁጠር ትታ ሊጡን ታያለች። ውኃው ከላይ ሲያቅር፣ ሽታው ሲለወጥ፣ ያን ጊዜ ውኃውን ቀድታ አብሲቱን ትጥላለች። ዓይኑ ያማረ እንጀራ የሚወጣው እንዲህ ነው። እምነትም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንዲሁ ነው። እርሾው፣ ማለትም ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ቃል ኪዳኑ አይለወጥም። የሚለወጠው አያያዙ ነው። አንቺ እርሾውን በሚገባ ይዘሻል፤ ለዚህም ላመሰግንሽ ይገባል። የቸገረሽ ባለቤትሽ በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲቦካ መጠበቅሽ ነው።

አሁን ወደ ማኅበር እህቶችሽ ቃል እንምጣ፤ ቀላል ቃል ስላልሆነ በቁም ነገር ልመልስ። «ከሠራሽለት የኃጢአቱ ተካፋይ ነሽ» የሚለው ፍርሃት ጾምን ከማክበር የመነጨ ነው። ሆኖም እጅሽ እስከ ዛሬ ያደረገውን አስቢ። ልጅሽ ለጾም ሳትደርስ በፊት በዐቢይ ጾም ወተት አፍልተሽላታል፣ እንቁላል ጠብሰሽላታል። የታመመ ሰው ቤትሽ ቢተኛ መረቅ ታፈይለታለሽ። ያን ጊዜ ጾምሽ ፈረሰ ያለሽ የለም፤ ጾም የሚፈርሰው በሚበላው ሰው ዘንድ ነውና። ጤነኛ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃንና እንደ ሕመምተኛ አይታይም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ልክ ነው። ለዚህም ነው ሥጋውን መሥራት ግዴታሽ ነው የማልልሽ። ኅሊናሽ እምቢ ካለ አትገደጂ፤ ጉዳዩንም ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ፣ እሳቸው የሚሉሽ ከእኔ ምክር ይቀድማል። እምቢታሽ ግን ድስቱ ላይ ይቁም፤ ሰውየው ላይ አይድረስ። «ይህን ወጥ ዛሬ አልሠራውም፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን አሙቀው፣ ና ግን አብረን እንብላ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ጓዳ ውስጥ መቆም ሌላ ነው። ባለቤትሽም እጅ አለው፤ ለራሱ የሚበላውን ማዘጋጀት ከክብሩ አይቀንስም።

መጻሕፍቱም ወደዚሁ ይመሩናል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ጾም ሲያስተምር ጾመኛው ፊቱን እንዲታጠብ፣ ጾሙም በስውር ለሚያየው አባት እንዲሆን ነው ያዘዘው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ፣ የሚበላውም የማይበላውን እንዳይንቅ ለሁለቱም ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ የሚቀርበው የመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 7 ነው፤ ባልና ሚስት ለጸሎት ሲሉ እንኳ ከመኝታ የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜው ብቻ እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ ለጸሎት መለያየት ስምምነት ካስፈለገው፣ ማንም ያላዘዘው የገበታ መለያየት ያለ ስምምነት ወራት መቆየቱ እንዴት ይደገፋል? ጾም ለእግዚአብሔር በፈቃድ የሚቀርብ ነው፤ ባልሽን አስገድደሽ የምታስጾሚው ጾም ከእሱ እጅ የተነጠቀ እንጂ እሱ ያቀረበው አይሆንም።

የእናትሽ ምክር ደግሞ በሌላ በኩል ይስታል። «ባል በሆዱ ይያዛል» የሚለው አባባል ምግብን ማባበያ፣ ባልን ደግሞ ተባባይ ያደርጋል። ምሳሌ ምዕራፍ 15 ፍቅር ባለበት የቀረበን ጎመን ጥል ባለበት ከቀረበ የሰባ በሬ አስበልጦ ያስቀምጣል፤ የተቀየመ ልብ ይዘሽ ክትፎ ብትሠሪለት ከሳሎኑ ወንበር አይነሣም። ከእናትሽ ቃል ግን አንድ ፍሬ ለይተሽ ያዢ። ባለቤትሽ «ሽሮ አይበቃኝም» ሲል ስለ ረኃቡ እውነቱን እየነገረሽ ሊሆን ይችላል። ሲጣሉ የጾም ወጥ ይቀጥናል፤ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ውኃ ይገባበታል፣ ወጡም ለጾም ሳይሆን ለቅጣት የቀረበ ይመስላል። የእኛ የጾም ገበታ ግን ሀብታም ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ አዚፋው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው አለ። የሽንብራ ዓሣን አስቢ። የሽንብራው ዱቄት በዘይትና በቅመም ታሽቶ፣ ጠንከር ብሎ ተዳምጦ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ከዚያ በደንብ በተቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ውስጥ ገብቶ መረቁን እስኪጠጣ ይንተከተካል። ይህን ማዘጋጀት ጊዜ ይፈጃል። በጾም ቀን እንዲህ የተደከመበት ወጥ ሲቀርብለት ባልሽ የሚሰማው መልእክት «ፈርጄብሃለሁ» ሳይሆን «አስቤልሃለሁ» የሚል ነው።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልበል። በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ሙቀት፣ በዚሁ ወደብ የሚሠሩ ሙስሊም ባልደረቦቹ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ። በ2017 ዓ.ም.ም በ2018 ዓ.ም.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለገቡ ይህን በዓይኑ ሳያይ አልቀረም። ይህን ማስረጃ ግን በባልሽ ላይ እንደ ዱላ አታንሺው፤ ይልቅ ምስጢሩን ተማሪበት። እነሱን የሚያጸናቸው እምነታቸው ነው፤ እምነታቸውን ደግሞ የአብሮነታቸው ሥርዓት ይደግፈዋል። ማታ ማፍጠሪያው ላይ ቴምሩና ሳምቡሳው በጋራ ይቀርባል፣ ከጎረቤት ጎረቤት ሳህን ይሻገራል። አንቺም የወደቁትን ምሰሶዎች በትንሹ መልሰሽ ልታቆሚ ትችያለሽ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ማኅበርተኞችሽን ከነባሎቻቸው፣ የባለቤትሽን ወዳጆችም ጨምረሽ፣ የጾሙ ሰዓት ሲፈጸም ለገበታ ጥሪያቸው። በወር አንድ ዓርብ በቂ ነው። ባልሽን ከወዳጆቹ ይለየው የነበረው ቀን ያኔ ከወዳጆቹ ጋር የሚቀመጥበት ይሆናል። ይጾማል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ጾም ግን ደግሞ ደስ የሚል ቀን ሊሆን እንደሚችል ያያል።

ምናልባት «ሸክሙን ሁሉ በእኔ ላይ ጫንከው» ትዪ ይሆናል። መቃወሚያሽ ተገቢ ነው። ስለዚህ ለእሱም ድርሻ አለ፤ ይህን ደብዳቤ ቢያነበው ደስ ይለኛል። በጾም ቀን ሥጋ እንድትሠራለት ሚስቱን መጎትጎት ይተው፤ ራሱ ያላመነበትን ጾም እንድታስገድደው እንደማይወድ ሁሉ እሷም ኅሊናዋ ያልፈቀደውን እንድትሠራ አያስገድዳት። ቢያንስ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ያጥፋ፣ ገበታው ላይ ይገኝ። የምመክርሽ ትዕግሥትም ድንበር አለው። ነገሩ ወደ ስድብ፣ ወደ ዱላ፣ ወይም የቤት ወጪ ወደ መከልከል ከዞረ ጉዳዩ ከጾም ወጥቷል፤ ያን ጊዜ ዝም አትበዪ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ ለሽማግሌ፣ አስፈላጊ ከሆነም ለሕግ ንገሪ። ደብዳቤሽ ላይ ግን ይህን አላነበብኩም። ያነበብኩት ከተከፋፈለ ገበታ ላይ ተነሥተው በየጥጋቸው የሚበሉ ሁለት ሰዎችን ነው።

እንግዲህ ነገ ማታ ጀምሪ። አንድ መሶብ፣ ሦስት ሰው፣ ወጡ በየሳህኑ። ለጾሙ አስበሽ የሠራሽው ወጥ በአንቺ ፊት ይሁን፤ እሱ ያመጣው ደግሞ በእሱ ፊት። መጀመሪያ ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ቦታውን ግን አትንሺው፣ እንጀራውን ጠቅልለሽ አስቀምጪለት። ልጅሽም ለምን ብላ ስትጠይቅሽ አባቷን ከስሰሽ አትመልሺላት፣ እውነቱንም አትደብቂያት። «እኔ እየጾምኩ ነው፣ አባዬ ዛሬ አልጾመም፤ ለዚያ ነው ወጣችን የተለያየው። እንጀራችን ግን አንድ ነው» በያት። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ጾም የምትለማመድበት ዕድሜ ላይ ነች። ጾም ምን እንደሆነ የምትማረው ከዚያ መሶብ ዙሪያ ነው፤ እናቷ ስትጾም ማንንም ከገበታ አለማባረሯን ካየች ጾሙን ራሷ ትወደዋለች።