መጀመሪያ ጭሱን እዩ፦ የሣር ማጨጃ ሞተር እቤት ስጠግን የተማርኩት

አጎቴ የሚተዳደረው ለገጣፎ ውስጥ በየግቢው እየዞረ ሣር በማጨድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ሥራው በሚበዛበት ሰሞን፣ ማጨጃው እያጨሰ ጉልበት አጣ። «ሜካኒካል አይደል እንዴ የምትማረው? በል እስኪ እየው» አለኝ። እኔም ሳላቅማማ «ፋሻው አልቋል» ብዬ ፈረድኩ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምወደው ያ ፍርድ ያስከፈለኝን ነው።

ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑ ምልልስ 45 ሚ.ሜ. ስለሆነ ሲሰላ 163 ሲሲ ይመጣል። በቅድሚያ የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ፤ ይህ ካልተደረገ ቢላዋው በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ቤንዚኑንና ዘይቱን አፍስሼ፣ ቴስታታውን ፈትቼ፣ ፒስተኑን አወጣሁ። አጎቴ በሰጠኝ ገንዘብ ከመርካቶ አዲስ ፋሻና ጓርኒሲዮን ገዛሁ።

አሮጌውን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ የጫፎቹን ክፍተት ስለካው 0.35 ሚ.ሜ. ነበር። የሚጣለው 1 ሚ.ሜ. ሲደርስ ነው። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት እንጂ አላሰብኩበትም፤ አዲሱ ከተገዛ በኋላ ማን ያስባል! የቫልቮቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለክቼ፣ የማስገቢያውን 0.15፣ የማስወጫውን 0.20 ሚ.ሜ. አድርጌ ገጠምኩት።

ገመዱን ስስበው ሞተሩ ተነሳ። ጭሱም አብሮት ተነሳ!

ለአንድ መምህሬ ደውዬ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀለሙ ምን ይመስላል?» ጥቁር ነበር። ፋሻ አልቆ ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ካንዴላውም በዘይት ይርሳል። ቤንዚን ከአየሩ ሲበዛ ግን ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። የእኔው ደረቅ ጥላሸት ነበር።

ታዲያ ቤንዚኑ ለምን በዛ? የአየር ፊልትሮው በሣር ብናኝ ታፍኗል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነው ጄትም ከዚህ በፊት በሽቦ ተጠርጎ ቀዳዳው ሰፍቷል። በዚያ ላይ ለገጣፎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ዝቅ ባለ ቦታ ብዙም የማይታወቅ ጉድለት እዚህ ወዲያው በጭስ ይገለጣል። ፊልትሮውን አጥቤ፣ ጄቱን ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀየርኩት። ጭሱ ጠፋ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላውን ሳየው ቡናማ ሆኗል።

ይሁንና ሞተሩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም። የሆንዳ ማኑዋል እንደሚለው ካርቡራተሩ ቢስተካከልም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ ይህ ወደ 28 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ አጎቴን «ሣሩ ሳይረዝም እጨደው፣ ሲረዝም ደግሞ ቢላዋውን ከፍ አድርገው» አልኩት።

ለታናናሾቼ የምመክረው ይህን ነው፦ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት የጭሱን ቀለም እዩ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ አንብቡ፣ ፊልትሮውን ክፈቱ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ካለ ያን ጊዜ ፋሻውን ጠርጥሩ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ አጎቴ በክረምት እኩሌታ አራት የሥራ ቀን ባልከሰረ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ይሁን፣ ትምህርት ቤት የከፈልኩልህ ነው» ብሎ ማጨጃውን እየገፋ ሄደ።