የመንግሥት ወይስ የግል? ጀርመን ውስጥ የጤና መድን ከመምረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጀርመን ውስጥ ያለ ጤና መድን መኖር አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነዋሪ ሁሉ በሕግ ይገደዳል። የሚመረጠው ዓይነቱ ነው። የግል ኩባንያ ወኪል ሲያነጋግርዎ የሚያሳይዎ የዛሬውን ወርኃዊ ክፍያ ነው። እርስዎ ግን ትዳር፣ ልጅ፣ ከሥራ መፈናቀልና እርጅና ሲመጡ ምን እንደሚከተል አስልተው ይፈርሙ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የ2026 ናቸው።

1. ምርጫው ለእርስዎ ክፍት ነው?
ተቀጣሪ ከሆኑ ወደ ግል መድን መግባት የሚችሉት ግብር ሳይቆረጥ ዓመታዊ ደሞዝዎ ከ77,400 ዩሮ ሲበልጥ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በሕግ የመንግሥት መድን አባል ነዎት፤ የሚመርጡት እንደ አኦካ፣ ቴካና ባርመር ካሉት ክራንከንካሰዎች (የመንግሥት መድን ድርጅቶች) አንዱን ነው። የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ገደብ አይመለከታቸውም።

2. ክፍያው በምን ይሰላል?
በመንግሥት መድን ክፍያው ደሞዝን ይከተላል፤ 14.6 በመቶ፣ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ክራንከንካሰ የሚጨምረው (አማካዩ 2.9 በመቶ)። ግማሹን አሠሪዎ ይከፍላል። ራስን መንከባከብ ለማይቻልበት ጊዜ የሚሆነው የእንክብካቤ መድን መዋጮ ለብቻው ይቆረጣል። በግል መድን የሚታየው የገቡበት ዕድሜ፣ ጤንነትዎና የመረጡት የአገልግሎት ዓይነት ነው። ደሞዝ ቢቀንስ ክፍያው አብሮ አይቀንስም፤ ጡረታ ሲወጡም ይቀጥላል።

3. ቤተሰብ ሊያመጡ አስበዋል?
ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው። ከአገር ቤት የመጣች ባለቤትዎ ቋንቋ እየተማረች ሥራ እስክትይዝ ጊዜ ይወስዳል። በመንግሥት መድን፣ የራስዋ ገቢ በወር ከ565 ዩሮ ካልበለጠ (ሚኒጆብ በሚባለው አነስተኛ ሥራ ከ603) ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእርስዎ ስም ትታከማለች። ልጆችም እስከ 18 ዓመት፣ ከተማሩ እስከ 25 ዓመት እንዲሁ። በግል መድን ግን ለእያንዳንዱ ነፍስ ለየብቻ ይከፈላል።

4. የጤና ታሪክዎ ምን ይመስላል?
ክራንከንካሰ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለብዎ ብሎ አይመልስዎትም። የግል ኩባንያ ግን ያለፉትን ዓመታት ሕክምና በቅጽ ይጠይቃል፤ ዋጋ ሊጨምር፣ ጭራሽም ላይቀበል ይችላል። ደብቀው ቢሞሉና ኋላ ቢታወቅ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ያም የሚሆነው በታመሙ ሰዓት ነው።

5. መመለስ ቢፈልጉስ?
መግቢያው ሰፊ በር፣ መመለሻው የመርፌ ቀዳዳ ነው። ተቀጣሪ ደሞዙ ከገደቡ በታች ሲወርድ ወደ መንግሥት መድን ይመለሳል። 55 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ላለ ሰው ይህ ከወርኃዊው ቅናሽ ይበልጣል።

6. ሲታመሙ ከኪስ የሚወጣው ስንት ነው?
በመንግሥት መድን ካርድ አሳይተው ይታከማሉ። ሆስፒታል ሲተኙ በቀን 10 ዩሮ (በዓመት ከ28 ቀን አይበልጥም)፣ በሐኪም ለታዘዘ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ይከፍላሉ። ጠቅላላው ከቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 2 በመቶ፣ ለከባድ ሥር ሰደድ ሕመምተኛ 1 በመቶ ሲያልፍ ነፃ መሆን ይቻላል፤ ነገር ግን ማመልከት የእርስዎ ፋንታ ስለሆነ ደረሰኝ አይጣሉ። የግል መድን ያለው ሰው የስፔሻሊስት ቀጠሮ ቶሎ ያገኛል፤ ሂሳቡ ግን በስሙ ይመጣለታል፣ ኩባንያው የሚመልስለት በኋላ ነው። ተቀጣሪ ከስድስት ሳምንት በላይ ሲታመም ክራንከንካሰው ከደሞዙ 70 በመቶ ገደማ ይከፍላል። በግል መድን ይህ ለብቻው የሚገዛ ነው።

7. አገር ቤት ሲሄዱስ?
የክራንከንካሰ ካርድ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ለጉዞ የሚሆን የውጭ አገር ሕክምና መድን ይግዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው። አንድ ጉዞ ስንት ቀን እንደሚሸፍን ያረጋግጡ፤ ክረምቱን ሙሉ ለሚቆይ ሰው ላይበቃ ይችላል። ወላጆችዎን ከጋበዙ ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ይጠየቃሉ፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም ግን በአብዛኛው አይሸፈንም። ወላጅ በቤተሰብ መድን አይገባም።

8. ተማሪ ነዎት?
በጣም ርካሽ የሆነ የውጭ አገር ሰዎች መድን ሲቀርብልዎ ወሊድንና ሥር ሰደድ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ያንብቡ። ተማሪ ከመንግሥት መድን ነፃ ልሁን ብሎ ከፈረመ ትምህርቱን እስኪጨርስ መመለስ አይችልም።

በአጭሩ፣ ቤተሰብ ለማምጣት ያሰበ፣ ሥራው ያልጸና ወይም ሕመም ያለበት ሰው የመንግሥቱን ይያዝ። የግሉ የሚያዋጣው ጤነኛና ወጣት ሆኖ፣ ከፍ ያለና አስተማማኝ ገቢ ኖሮት፣ ለእርጅናው ክፍያ ከአሁኑ ለሚያስቀምጥ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ኮሚሽን የማይበላ ሰው ያማክሩ፤ በየክፍለ ሀገሩ ያለው የሸማቾች ማዕከል በአነስተኛ ክፍያ ያማክራል። ከአንዱ ክራንከንካሰ ወደ ሌላው መዛወር ግን አያስጨንቅዎ፤ 12 ወር ከቆዩ በኋላ አዲሱ ራሱ ከአሮጌው ያስለቅቅዎታል።