የቡና መዝገብ ሲያዝ የገበሬውን ምስጢር ስለ መጠበቅ
የእርሻ ሥራን በየክፍሉ ለሚያስተዳድሩ ሹማምንት የተሰጠ ትምህርት

ገበሬ ስሙንና የማሳውን ስፍራ ለመዝጋቢ ሹም የሚነግረው ሹሙን አምኖ ነው። ይህ እምነት እንዴት እንደሚጠበቅ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ የማሳው ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተለክቶ መታወቅ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሔክታር የበለጠ እንደ ሆነ ዙሪያው ሁሉ ይለካል።

ይህን የመሰለውን መዝገብ በብሎክቼይን ለመያዝ የሚያስቡ አሉ። ብሎክቼይን ማለት ቅጂው በብዙዎች እጅ ያለ፤ እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ጋር የተቆለፈ መዝገብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊፍቀው አይችልም። ይህ ለንግዱ እውነተኛነት መልካም ነው፤ ለሰው ምስጢር ግን ቃል ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፤ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው የታሸገ ቡና ገዝቶ፤ በከረጢቱ ላይ ያለውን ምልክት በስልኩ ቢያነብ፤ ቡናው ከይርጋ ጨፌ መምጣቱን ሊያውቅ ይገባዋል። የገበሬውን ስም፤ ስልኩን፤ የማሳውን ስፍራና የተቀበለውን ገንዘብ ግን ሊያውቅ አይገባውም። ይህ ቢገለጥ ሌባ የክፍያውን ቀን ቆጥሮ ይጠብቀዋል፤ ነጋዴም ችግሩን አይቶ ዋጋ ይሰብርበታል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየት፤ የማሳረምና የማስደምሰስ መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ከማይፋቅ መዝገብ ጋር እንዲስማማ የሚከተለው ይፈጸም።

1ኛ፤ ስም፤ ስልክና የማሳ ስፍራ በብሎክቼይን ላይ አይጻፍ። ሊሰረዝ በሚችል፤ በተቆለፈ ሌላ መዝገብ ይቀመጥ። በብሎክቼይኑ ላይ የጽሑፉ አሻራ ብቻ ይስፈር፤ አሻራ ማለት ከጽሑፉ በስሌት የወጣ፤ ተመልሶ ግን ጽሑፉን የማይሰጥ አኃዝ ነው።

2ኛ፤ አሻራው ብቻውን አይበቃም። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር 8 አኃዝ ብቻ ስለሚቀረው፤ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች 100 ሚሊዮን ናቸው። ኮምፒዩተር ሁሉንም በጥቂት ጊዜ ሞክሮ ባለቤቱን ያገኘዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር ሊገመት የማይቻል ረጅም የምስጢር ቁጥር ይደባለቅ። ገበሬው ይሰረዝልኝ ባለ ጊዜ፤ ሕግ እንዲቆይ ካላዘዘ በቀር፤ ጽሑፉና የምስጢር ቁጥሩ አብረው ይጥፉ፤ የቀረውን አሻራ ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል።

3ኛ፤ ለእያንዳንዱ የሚገባው ብቻ ይገለጥለት፤ የማሳው ልክ ደንቡ ለሚያስገድደው አስመጪ፤ የወረዳው ስም ለጠጪው።

4ኛ፤ ምዝገባው ሳይጀመር ምን እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው ለገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው።

መዝገቡ ቡናውን እንዲከተል እንጂ ገበሬውን እስከ ደጁ እንዳያጋልጥ መጠንቀቅ የመዝጋቢው ሹም ግዴታ ነው።