ዘንድሮ ጠሪው እናንተ ሁኑ

አገር ቤት እንቁጣጣሽ ራሱ ይመጣል። የነሐሴ ዝናብ ቀጠን ሲል፣ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ፣ የበግ ነጋዴው መንደሩን ሲያስጮኸው፣ ሬዲዮው የዓመት በዓል ዘፈን ሲያሰማ፣ ማንም ሳይነግረን በዓል መድረሱን እናውቃለን። ጠዋት ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ በር ያንኳኳሉ፤ ወንዶቹ ልጆች በቀለም ያሳመሩትን ሥዕል ይዘው ከየቤቱ ይገባሉ። ከእኛ የሚጠበቀው በሩን መክፈት ብቻ ነበር።

በሰው አገር ግን መስከረም 1 ተራ የሥራ ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ፍራንክፈርት ላይ አለቃው ስብሰባ ይጠራል፤ ዱባይ ላይ የሆቴሉ ሺፍት ለማንም ተብሎ አይቀየርም። ከሥራ መልስ ስልካችንን ከፍተን የቤተሰቡን ድግስ በፎቶ ስናይ ሆድ ይብሰናል። ብዙዎቻችን «በዓልማ አገር ቤት ቀረ» ብለን ተከናንበን የምንተኛውም ያኔ ነው።

አልቀረም! በዓሉ አገር ቤት የሚደምቀው በአየሩና በአበባው ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ሰው ስለነበረ ነው። ሌሊቱን ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረች እናት ነበረች። ከነጋዴ ጋር ተከራክሮ በግ ጎትቶ የመጣ አባት ነበር። ቤት ለቤት ዞረው የቅርጫ ገንዘብ የሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በዓሉን እየፈጠሩ እኛን ጋበዙን። በስደት የጎደለው የእነሱ ቦታ ነው። ያ ቦታ ዛሬ ክፍት ነው፤ ሊቀመጥበት የሚችለውም ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ነው።

«ቤቴ ጠባብ ነው፣ ገንዘብ የለኝም፣ ሰዉም ሥራ ይበዛበታል» ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በየአፓርትመንቱ የተቀመጠው ሀበሻ ሁሉ የሚጠራው ሰው እየጠበቀ ነው። እናንተ የእሱን ስልክ ስትጠብቁ እሱም የእናንተን ይጠብቃል። መጀመሪያ ስልኩን ያነሳ ሰው ያን ሁሉ ዝምታ ይሰብረዋል። ወጪውም ቢሆን የአንድ ሰው ሸክም መሆን የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱ ከሀበሻ ሱቅ እንጀራ ያምጣ፣ አንዷ ድፎ ዳቦ በኦቭን ትጋግር፣ አንዱ መጠጡን ይቻል፣ ጀበናና ረከቦት ያላት እህት ቡናውን ትያዝ። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው፤ ወንበር ይሰብስብ፣ ዕቃ ይጠብ። ጠሪው የሚያዋጣው ትልቁ ነገር ድፍረቱ ነው።

ቀኑን ቀድማችሁ ቁረጡ። በዓሉ በሥራ ቀን ከዋለ ተከታዩ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። ለምሳሌ የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ነው። ኦርቶዶክሱ ዓርብን ይጾማል፤ እንቁጣጣሽም ጾሙን አያስቀረውም። ስለዚህ ዶሮው ቅዳሜ ቢሆን ለጿሚውም ለሠራተኛውም ይመቻል። የ2020 ዓመት ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ከእሱ በፊት ያለችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች ነው። ቀኑ እሑድ ይውላል፤ ለብዙዎቻችን ፈቃድ መጠየቅ እንኳን አያስፈልገንም። የሦስት ሳምንት ጊዜ ካላችሁ ሺፍት መቀያየርም ይቻላል። ዋናው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «እንገናኝ» ብሎ መተው ሳይሆን ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ ጽፎ መላክ ነው።

ገበታውን ለሁሉም አስፉት። እንቁጣጣሽ የሁላችንም ዘመን መለወጫ ነው። ከጓደኞቻችሁ መካከል ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ካሉ የሥጋውን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሙስሊሙ ጓደኛ የሚበላውን ሥጋ ራሱ ያምጣ፣ ወይም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ዓሣው ይብዛ። ማንም እጁን አጥፎ የሚቀመጥበት ገበታ የበዓል ገበታ አይባልም። ከኤርትራ የመጡ ጎረቤቶችም ካሏችሁ አትርሷቸው፤ እነሱም ያንኑ ቀን ቅዱስ ዮሐንስ ብለው ያከብሩታል።

እስቲ ያን ቅዳሜ ጠዋት አስቡት። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እናት ነቅታለች፣ ስልኳም ክፍት ነው። ዶሮ ሠርቶ የማያውቅ ወጣት ስልኩን ከምድጃው አጠገብ ያቆመዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይማሰላል፤ እናት ከወዲያ በቪዲዮ እያየች «ገና ነው ልጄ፣ አማስለው» ትላለች። በርበሬው ሲገባ ሽታው ኮሪደሩን ያውደዋል። ዶሮው ከሱፐርማርኬት የተገዛ ቢሆንም ብልት ማውጣት የምታውቅ አንዲት እህት አትጠፋም፤ 12 ብልቱን እየቆጠረች ለማያውቁት ታሳያለች። ሌላው ዶሮውን በሎሚና በጨው ያጥባል፣ ሌላው እንቁላል ይልጣል። ቡናው ሲቆላና እጣኑ ሲጨስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ መስኮቱ ይከፈታል። በዚያች ጠባብ ኩሽና ውስጥ አንድ ልጅ ከእናቱ ሙያ ወርሷል፤ እናቱም ልጇ ብቻውን እንዳልሆነ በዓይኗ አይታለች። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ የዓመት በዓል ስጦታ የለም።

የምትጠሩትን ሰው በልባችሁ ፈልጉ። መጀመሪያ ከመጣ ወር ያልሞላውን አዲሱን ሰው ጥሩ። ከዚያ በዓመቱ ውስጥ ሐዘን የደረሰበትን፣ ከሥራ የወጣውን፣ ከእናንተ ጋር የተኳረፈውን ጓደኛ ጨምሩ፤ ለእርቅ ከአዲስ ዓመት የተሻለ ቀን የለም። ቤሩትም ሆነ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ፣ የዕረፍት ቀን የሌላት እህት ካለቻችሁ ደግሞ ስልኳ ላይ ድምፃችሁን ቅዱላት። የሁላችሁንም ድምፅ ተራ በተራ፣ ጭብጨባውንም ጭምር ላኩላት። ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ስትከፍተው ስሟን የሚጠራ ሰው መኖሩን ትሰማለች። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የተባለው ለዚህ ነው።

በሰው አገር ተወልደው ያደጉትን ልጆች ሥራ ስጧቸው። ተመልካች ሆነው ከተቀመጡ ይሰለቻሉ፤ ሥራ ካገኙ ግን በዓሉ የራሳቸው ይሆናል። ወረቀትና ቀለም አምጡላቸውና አበባ ይሳሉ፤ ለትልልቆቹ እየዞሩ ይስጡ፣ ሳንቲምና ምርቃት ይቀበሉ። ሴቶቹ ልጆች ከበሮ ይዘው «አበባየሆሽ»ን ይለማመዱ፤ እናንተም «ለምለም» እያላችሁ ተቀበሏቸው። አደይ አበባ እዚያ ባይበቅልም ከሱቅ የተገዛ ቢጫ አበባ ጠረጴዛውን ያደምቀዋል። ችቦ ማብራት ካማራችሁ በረንዳው ላይ አትሞክሩት፤ ግቢ ያለው ጓደኛ ቤት ወይም እሳት የተፈቀደበት መናፈሻ ይሻላል። የሥራ ባልደረባችሁን፣ የፎቁን ጎረቤትም ጋብዙ። ዓመታችን 13 ወር እንዳለው፣ በዓመቱ ቁጥርም ከእነሱ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ እንደሆንን ስትነግሯቸው በጉጉት ይጠይቋችኋል። ልጆቻችሁም ወላጆቻቸው በኩራት ሲመልሱ ይሰማሉ።

ቡናው ላይ ስትደርሱ ደግሞ የአዲሱን ዓመት ዕቅድ አውጡ። እያንዳንዱ ሰው በዚህ ዓመት የሚፈጽመውን አንድ ነገር ጮክ ብሎ ይናገር፤ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ የነርስነት ትምህርት መጀመር፣ ቋንቋ ማሻሻል፣ ሲጋራ ማቆም። ለብቻችን በልባችን የያዝነው ዕቅድ ጥቅምት ሳይገባ ይረሳል፤ በጓደኛ ፊት የተነገረው ግን ጠያቂ አለው። የሚደግፈውንም መንገድ እዚያው አብጁ። አሥር ሰው በየወሩ 200 ዶላር ቢጥል በየወሩ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ይደርሰዋል፤ ለአንዱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሌላው የቤት መያዣ ይሆናል። ዕቁቡም ዕድሩም ከአገር ቤት ይዘነው የወጣነው ሀብታችን ነው። የሚነሳው እንዲህ ከሚተማመኑና አብረው ከሚበሉ ሰዎች መካከል ነው።

ይህን ካደረጋችሁ የምታተርፉት የአንድ ቀን ደስታ ብቻ አይደለም። ስትታመሙ ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ታገኛላችሁ፤ ሥራ ስትፈልጉ «እኛ ጋ ቦታ አለ» የሚል፣ ሐዘን ሲደርስባችሁ አብሯችሁ የሚያድር ይኖራችኋል። ባይተዋርነት የሚሸነፈው በናፍቆት ብዛት ሳይሆን በር በመክፈት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ያን ጎረቤት ዘመድ የሚያደርገው ደግሞ አብሮ የተቆረሰ ዳቦ ነው።

ስለዚህ «ማን ይጠራኝ ይሆን?» ማለቱን ዛሬ ተዉት። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን አንሱና ለሦስት ሰው ደውሉ፤ ቀኑን ንገሯቸው፣ ምን እንደሚያመጡ ተከፋፈሉ። ሦስቱ ሌላ ሦስት ይጠራሉ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ለእኛ ያደረጉትን ለሌላው የማድረግ ተራው የእኛ ነው፤ አቅሙም አለን። ዘመኑ የጤና፣ የሥራና የፍቅር ይሁንላችሁ። እንኳን አብሮ አደረሰን!