በአንድ አፍ ስንት ድምፅ? (ድምፃችንን እንዴት እንቅዳ?)

እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ድምፄ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በዚህ ወር የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በሰልፍ ሰዓት የሚቀርብ አጭር ድራማ እያዘጋጀ ነው። ታሪኩ በሌሊት ግልገሉ የጠፋችበት እረኛ ነው። በድራማው ውስጥ የጅብ ጩኸት፣ የግልገል ድምፅ፣ ሲጢጥ የሚል በር እና የሠርግ ቤት እልልታ አለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት እናምጣ? ከኢንተርኔት ያወረድነው ጅብ ይስቃል እንጂ አይጮህም። እኛ ማታ ማታ የምንሰማው ጅብ ግን ከታች ይነሳና «አውውው» እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉንም በአፋችን ሠርተን ለመቅዳት ወሰንን። እኔም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

1. ድምፅ ከየት ይመጣል?

ሳንባችን አየር ወደ ላይ ይገፋል። አየሩ ማንቁርታችን ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ አውታሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «ምምም» በሉ። ንዝረቱ ተሰማችሁ አይደል? በ1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ የሚለካው በሄርዝ ነው። ሲናገሩ የአዋቂ ወንድ ድምፅ በግምት 120፣ የአዋቂ ሴት 200፣ የልጅ ደግሞ ወደ 300 ሄርዝ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ምላስ፣ ከንፈርና አፍንጫ ድምፁን ቅርጽ ይሰጡታል።

2. ሳናውቀው የምንችላቸው ድምፆች

ከተለመደው ንግግርና ዘፈን ውጪ በአፍና በጉሮሮ የሚሠሩ ብዙ ድምፆች አሉ። እኛ ደግሞ በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን እኮ!

ሀ. ወደ ውስጥ የሚሳብ ድምፅ፦ አያቴን አንድ ነገር ስነግራት አየር ወደ ውስጥ ስባ «እህ» ትላለች። «አዎ፣ እየሰማሁህ ነው» ማለቷ ነው። ሌላ ጊዜ የምንናገረው አየር እያስወጣን ነው፤ ይሄ ግን እያስገባን ነው።

ለ. ከንፈር መምጠጥ፦ ሰው ስናዝን «ምጥ» የምናደርጋት ድምፅ ከሳንባ አየር አትፈልግም። አፍ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ይበቃታል። በደቡብ አፍሪካ በዙሉና በቆሳ ቋንቋዎች በምላስ የሚሠሩ እንዲህ ዓይነት ድምፆች እንደ እኛ «በ» እና «ለ» የቃል አካል ናቸው።

ሐ. ቅ፣ ጥ፣ ጭ፦ ትንፋሻችሁን ያዙና «ቅ» «ጥ» «ጭ» በሉ። ወጣ አይደል? አሁን ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁ «ምምም» በሉ። እምቢ አለ! ምክንያቱም «ቅ» ስንል ጉሮሯችን ይዘጋና ማንቁርታችን ወደ ላይ ከፍ ብሎ አየሩን እንደ ፓምፕ ይገፋዋል። በአፋቸው ከበሮ የሚመቱት ቢትቦክሰሮችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

መ. እልልታ፦ ቀጭን ድምፅ እያወጣን ምላሳችንን በፍጥነት እናንቀሳቅሳለን።

ሠ. የበር ድምፅ፦ ድምፃችሁን እስከመጨረሻው አውርዳችሁ በትንሽ አየር ቀስ ብላችሁ «ኧ» በሉ። አውታሮቹ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ ሲሉ ይሰማል። ልክ ዘይት እንዳልነካው በር!

3. በሌላው ዓለምስ?

በሞንጎሊያ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያዜማል። አንዱ ወፍራም ሆኖ ከጉሮሮ ይወጣል፤ ሌላው ከላዩ እንደ ፉጨት ይሰማል። ስሙ «ኹሚ» ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በስፔን ላ ጎሜራ ደሴት ደግሞ ሰዎች ቋንቋቸውን በፉጨት ይነጋገራሉ። ከአንድ ተራራ ወደ ሌላው መጣራት ያስፈልግ ስለነበር ነው። እዚያ ያሉ ልጆች ፉጨቱን በትምህርት ቤት ይማሩታል። እኛ ክፍል ውስጥ ብናፏጭ ምን እንደሚደርስብን ታውቃላችሁ!

ለፊልምም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ ያለችው ትንሿ ሮቦት፣ አር ቱ ዲ ቱ፣ ድምጿ የተሠራው ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ እንደ ሕፃን እየተንተባተበ የቀዳውን የራሱን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ቀላቅሎ ነው።

4. እንዴት እንቅዳ?

• ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ባዶ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል። እኛ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ገብተን ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢ ሰቀልን። ጨርቅ ድምፅ ይመጥጣል።
• ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉት። አንድ ጥሩ ቀረጻ በጥሪ ተበላሽቶብናል።
• ለንግግር ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቁት። ለእልልታና ለጩኸት ሁለት ሜትር ሂዱ።
• ስልኩ ከአፋችሁ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። አለበለዚያ ትንፋሹ ማይኩን መትቶ «ቡፍ» ይላል።
• መጀመሪያ 10 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። በኋላ ድምፆችን ስትቀጥሉ ያ ዝምታ ክፍተቱን ይሞላል።
• ድምፁን ከማውጣታችሁ በፊት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ቀኑንና ርቀቱን በቃል ተናገሩ። ጥናት ማለት ይሄ ነው። ያልተጻፈበት ቀረጻ ስም እንደሌለው ደብተር ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም።
• የሰው ድምፅ ስትቀዱ አስፈቅዱ። አያቴን «እህ» ስትል ተደብቄ ብቀዳት ተቆጣችኝ። ስጠይቃት ግን አምስት ጊዜ አለችልኝ።

ከቀዳን በኋላ በኮምፒውተር ክፍላችን ባለው ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስነው። 300 ሄርዝ የነበረው 150 ይሆናል፤ 2 ሰከንድ የነበረው 4 ይሆናል። የልጅ ጩኸት ትልቅ ጅብ ሆነ! ፕሮግራሙ ድምፁን በሥዕልም ያሳያል። የእልልታውን ሥዕል አይታችሁ ምላስ በ1 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ መቁጠር ትችላላችሁ።

5. የእኔ ነገር

አሁን ስለ ድምፄ ልንገራችሁ። አምና 6ኛ ክፍል እያለሁ የግልገል ድምፅ አወጣ ነበር። ግቢ ውስጥ «ሜኤኤ» ስል የጎረቤት ፍየል ትመልስልኝ ነበር፤ ውሸቴን አይደለም። ዘንድሮ ድራማው ሲመጣ ሁሉም «ግልገሏ አንተ ነህ» አሉኝ። ሞከርኩ። ግማሹ ቀጭን፣ ግማሹ ወፍራም ሆኖ ተሰነጠቀ። ክበቡ በሳቅ ሞተ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ቲቸር በኋላ ለብቻዬ አስረዱኝ። በእኔ ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት ያድጋል። አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ይንቀጠቀጣሉ። በሽታ አይደለም፤ ግን ተመልሶ አይመጣም።

«አምና ቀድተነው የለም እንዴ?» አልኩ። ፈለግን። ስልኩ ላይ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። አንድ በአንድ ከፍተን አገኘነው፤ ግን ማይኩን አፌ ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ድምፁ ከልክ በላይ ስለገባ ይንሿሿል። ኩባያ ውስጥ ከልኩ በላይ ውሃ ብትጨምሩ ይፈሳል፤ የፈሰሰውም ተመልሶ አይታፈስም። ኮምፒውተሩም ሊያስተካክለው አልቻለም። የእኔ ግልገል በቃ ሄደች።

ተናድጄ ጅቡን እኔ ልሁን አልኩ። ጉሮሮዬን እየሻከርኩ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስለማመድ ዋልኩ። በማግስቱ ድምፄ ተዘጋ። የሰልፍ ዜና የማነብበት ተራዬ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እና እባካችሁ፣ ሻካራ ድምፅ ስታወጡ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፤ በመሃል ውሃ ጠጡ፤ ጉሮሯችሁን ከቆረቆራችሁ ወዲያው አቁሙ። ድምፁን ሻካራ ማድረግ የኮምፒውተሩ ሥራ ይሁን።

አሁን ግልገሏን የምትሠራው የ5ኛ ክፍል ልጅ ናት። በትክክለኛው ርቀት ቀዳኋት፤ ስሟን፣ ክፍሏንና ቀኑን አስነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። «ለምን ታደክመኛለህ?» አለችኝ። «በኋላ ይገባሻል» አልኳት። እኔም የአሁኑን የተሰነጠቀ ድምፄን ቀድቼ ስም ሰጥቼዋለሁ፤ እሱም ይሄዳላ!

ጥያቄ፦ በ280 ሄርዝ የተቀዳ የ3 ሰከንድ ድምፅ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስ ስንት ሄርዝና ስንት ሰከንድ ይሆናል? መልሳችሁን በክበባችን ሳጥን ክተቱ።

በሉ፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። ድራማውን ሰልፍ ላይ በሞንታርቦ ስትሰሙ ጅቡ እኔ ነኝ፤ እንዳትፈሩ። ቸር ያገናኘን።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል