የፊት ነርቭ ሕመሙ ተመለሰብኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የካዛንቺስ ነዋሪ ነኝ። ለፊት ነርቭ ሕመም ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ከ3 ዓመት በኋላ ጉንጬን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ሕመም ተመለሰ። ሕክምናው ከሽፎ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት፤ ከሽፏል ማለት አይደለም። ነርቩን ከሚጫነው የደም ሥር በሚያላቅቀው ቀዶ ሕክምና ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ10 ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ከሕመም ነፃ የሆኑት 70 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ስለዚህ ሕመሙ የተመለሰው በእርስዎ ብቻ አይደለም።

የሕመሙን ጠባይ ይለዩ። ፊትዎን ሲታጠቡ ወይም ሲያኝኩ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የዱሮው ሳይሆን አይቀርም። ሳያቋርጥ የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ዳግም ይሠራል፤ ግን ከቤት የተረፈዎትን በራስዎ አይጀምሩ። ሕመሙ ከጥርስ ነው በሚል ጥርጣሬም ጥርስዎን አያስነቅሉ፣ እባክዎ! የቀድሞ ኤምአርአይዎን ይዘው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና አለ።